ወረቀቱ ቀርቶ እጁ ሲሄድ፦ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ የጉዳይ ጥናት

የድሬዳዋ ሰው ምድር ባቡሩን ከፈረንሳይኛ በወሰደው ስም «ሸማንደፈር» ሲለው ኖሯል። በከዚራ፣ ከለገሃሩ ጋር ተያይዞ ያለው ጋራዥ የዚያ ድርጅት ዋና የጥገና ቦታ ነበር። ብረት እያዞሩ የሚቀርጹት ማሽኖች፣ ቶርኖዎቹ፣ ዛሬም በቦታቸው ቆመዋል፤ መዝገብና የሥራ ሥዕልም አልጠፋም። የጎደለው በማሽኑና በወረቀቱ መካከል ቆሞ ይሠራ የነበረው ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሰው ዕውቀት እንዴት እንደተከማቸ፣ በምን መንገድ ሲተላለፍ እንደኖረ፣ ለምን እንደተቋረጠ ይመረምራል። ከዚያም ባለሙያዎቹ ገና በሕይወትና በሥራ ላይ ያሉለት ማንኛውም ድርጅት ነገ ሊጀምረው የሚችለውን አሠራር በዝርዝር ያስቀምጣል።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማብራሪያ «ዕውቀታችን አልተጻፈም» የሚል ነው። ለድሬዳዋ ይህ አይበቃም። ባቡሩ በወረቀት የሚተዳደር ድርጅት ነበር፤ የሥራ ቋንቋውም ፈረንሳይኛ። ያልተጻፈው አንድ ነገር ነው፦ ሠራተኛው ከተጻፈው የሚለይበት ቦታ። የጋራዡ እውነተኛ ሙያ የነበረው እዚያ ላይ ነው።

ቦታው የፈጠረው ሙያ

ዐፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራውን መውጣት ግን አስቸጋሪና ውድ ሆኖ ተገኘና ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ተተካ፤ መሥመሩ አዲስ አበባ እስኪደርስም 1909 ዓ.ም. ሆነ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

ድሬዳዋ ከጅቡቲ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከባሕር ወለል የተነሣው ባቡር እዚህ ሲደርስ ወደ 1,200 ሜትር ከፍ ብሏል፤ አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ ሌላ ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀረዋል። ከበረሃ ወጥቶ ዳገት ከመጀመሩ በፊት ባቡሩን የሚጎትተውን ሎኮሞቲቭ ማየት የግድ ነው። ስለዚህ ጋራዡ እዚህ ተተከለ።

ቀጥሎ የመጣው የመለዋወጫ ችግር ነው። የመጀመሪያዎቹ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች የስዊዘርላንድ ሥራ ነበሩ፤ በኋላ የፈረንሳይና የጣሊያን ተጨመሩ፤ በእንፋሎት የሚሄደውንም የናፍጣው ተካው። አንዱ የሌላውን ዕቃ አይቀበልም። ዕቃ ከአውሮፓ በመርከብ እስኪመጣ ወራት ይሄዳል፤ የአንዳንዱ ዓይነት ሥራ ከናካቴው ሲቆም ደግሞ በገንዘብም አይገኝም። ጋራዡ ያለው አማራጭ ራሱ ማቅለጥ፣ ራሱ መቅረጽ፣ ራሱ ቶርኖ ላይ ማዞር ሆነ። እንዲህ የተሠራ እያንዳንዱ ዕቃ ከሥዕሉ በጥቂቱ ይለያል፦ ብረቱ ሌላ ቅይጥ ነው፣ ልኩ ያረጀውን አካል ተከትሎ ተስተካክሏል፣ ብሎኑ ባለው መጠን ተለውጧል። ሥዕሉ ላይ «52» የሚል ቁጥር አለ እንበል፤ ሎኮሞቲቩ ላይ ያለው ግን 51.4 ነው። ለምን እንደሆነ የሚያውቀው ያኔ የሠራው ሰው ብቻ ነው። ቀጣዩ ጠጋኝ ሥዕሉን አምኖ 52 አድርጎ ቢሠራ አይገባለትም፤ በመዶሻ ቢያስገባው ደግሞ ይሰነጠቃል።

ዕውቀቱ ሲተላለፍ የኖረበት መንገድ

አሠራሩ የቆየው የእጅ ሙያ ልማድ ነው። ወጣቱ ረዳት ሆኖ ይገባል፤ መጀመሪያ ዕቃ ያጥባል፣ ያቀብላል፣ ይይዛል። ዓመታት ቆይቶ ራሱ ይነካል። የባቡር ቤተሰብ ልጅ የባቡር ሠራተኛ መሆኑ የተለመደ ነበር፤ ድርጅቱ በሠራው መንደር መኖሩም ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለ ሥራ ማውራትን አብዝቷል። በአንድ የሥራ ቦታ ላይ የፈረንሳይኛ የዕቃ ስም፣ የጣሊያንኛ የመሣሪያ ስም፣ የአማርኛ ትእዛዝ፣ የኦሮምኛና የሱማልኛ ጨዋታ አብረው ይሄዳሉ። ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ይህ አያስገርምም።

ይህ መንገድ የሚሠራባቸው ሦስት ሁኔታዎች አሉ። ሥራው ሳይቋረጥ መምጣት አለበት፤ ምክንያቱም ረዳቱ የሚማረው ብልሽት ሲመጣ ነው። አዲስ ሰው ሳይቋረጥ መቀጠር አለበት። አሮጌውና አዲሱ ደግሞ በቂ ዓመታት አብረው መቆም አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሰንሰለቱ ይላላል፤ ሦስቱም ሲጎድሉ ይበጠሳል።

ሦስቱም ጎድለዋል። ከባድ መኪናው የጅቡቲን ጭነት እየወሰደ ሲሄድ ባቡሩ ገቢ አጣ። የአዲስ አበባና የድሬዳዋው መሥመር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ አቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር ያለው በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ በመጠኑ ተነቃንቆ ነበር፤ አልዘለቀም። ባቡር ካልሄደ ብልሽት የለም፤ ብልሽት ከሌለ ልምምድ የለም። ሠራተኛው በስም እየተከፈለው ቢቆይ እንኳ ዕውቀቱ አይቀጥልም፤ እጅ ቁጭ በማለት አይሠለጥንም። የጡረታው 60 ዓመት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። አብዛኛው ድርጅት የሚፈራው ጡረታን ነው። በድሬዳዋ ግን የመጀመሪያው ጉዳት የደረሰው ከጡረታ በፊት፣ ሥራው ሲቀንስ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ሥራ በመጀመሪያ ይጠፋል። በየቀኑ የሚሠራ ዘይት መቀየር ለመጥፋት የመጨረሻው ነው። ድርጅቶች ግን ለመመዝገብ ሲነሡ ከዘይት መቀየር ይጀምራሉ፤ ቀላል ስለሆነና ወረቀቱ ቶሎ ስለሚሞላ።

አንድ ሥራ ከቅርብ ሲታይ፦ ኩሽኔታ ማፍሰስ

በመጽሐፍና በእጅ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት በአሮጌ የባቡር ጋራዥ ሁሉ የነበረ አንድ ሥራ እንውሰድ። ኩሽኔታ የሚሽከረከር ዘንግ የሚያርፍበት አካል ነው፤ የቆየው ዓይነት የአክስል ኩሽኔታ ኳስ የለውም። ከነሐስ ወይም ከብረት የተሠራ ግማሽ ክብ ቅርፊት ሲሆን ውስጡ በለስላሳ ነጭ ቅይጥ፣ በባቢት ይለበጣል። ሲበላ ይቀለጥና እንደገና ይፈስሳል።

መጽሐፉ የሚለው ይህን ያህል ነው። አንድ የታወቀ ቅይጥ ወደ 89 በመቶ ቆርቆሮ፣ 7.5 በመቶ አንቲሞኒ፣ 3.5 በመቶ መዳብ አለው። በ241 ዲግሪ መለስለስ ይጀምራል፤ ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ የሚሆነው 354 ዲግሪ ላይ ነው፤ የሚፈስሰው 424 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቅርፊቱ ይጸዳል፣ በንጹሕ ቆርቆሮ ይቀባል፣ ይሞቃል፣ ይፈስስበታል፣ ቶርኖ ላይ ይወጣል። ይህን የሚጠራጠር የለም፤ ይህን ብቻ ይዞ የገባ ሰው ግን የመጀመሪያዎቹን ኩሽኔታዎች ያበላሻል።

ባለሙያው የሚያደርገውን በቅደም ተከተል እንይ። ጭልፋውን ቅልጡ ውስጥ ከመንከሩ በፊት እሳቱ አጠገብ ያቆየዋል። ቢቸኩልም ይህን ደረጃ አይዘልም። እርጥብ ጭልፋ ውስጥ ያለች ጠብታ ውኃ በቅልጥ ብረት ሥር በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆና ብረቱን ፊት ላይ ትረጫለች። ቴርሞሜትር ከሌለ ሙቀቱን በደረቅ የጥድ እንጨት ይፈትናል፦ ሲነክረው እንጨቱ ከጠቆረና ካልነደደ ጊዜው ነው፤ ከነደደ አልፏል፤ ቀለሙን ካልቀየረ ገና ነው። ከማፍሰሱ በፊት ከታች ወደ ላይ ያማስላል። መዳብና አንቲሞኒ የሠሩት ጠጣር ቅንጣት ከቆርቆሮው ጋር እኩል ስለማይቀመጥ ያልተማሰለ ቅልጥ አንዱ ኩሽኔታ ላይ ለስላሳ፣ ሌላው ላይ ተሰባሪ ሆኖ ይወጣል። ላዩን ያለውን ቆሻሻ ወደ ጎን ይገፋል፤ አውጥቶ አይጨርሰውም፣ ምክንያቱም ስስ ሽፋኑ ከአየር ይከላከላል። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳያቋርጥ ያፈስሳል። መሐል ላይ ቆም ካለ ሁለቱ ፍሰቶች የሚገናኙበት ቦታ አይያያዝም፤ ስፌቱ በዓይን ላይታይ ይችላል፣ ጭነት ሲያርፍበት ግን ይለያል።

ሲቀዘቅዝ ፍተሻው በጆሮ ነው። ቅርፊቱን በገመድ አንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ መታ ያደርገዋል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ባቢቱ ተጣብቋል፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ በሥሩ ክፍተት አለ። ከተጠራጠረ ላምባ ውስጥ ነክሮ ያቆየዋል፣ በጨርቅ አድርቆ መጋጠሚያው ላይ ጠመኔ ይቀባል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠመኔው ላይ እርጥብ መሥመር ከወጣ ላምባው በክፍተቱ ገብቶ ነበር ማለት ነው፤ ኩሽኔታው ተመልሶ ይቀለጣል።

ከዚህ ውስጥ ቁጥር የሚሆነው ጥቂቱ ነው። የቀረው ምልክት፣ ምክንያትና የማቆሚያ ነጥብ ነው። «ስንት ዲግሪ?» ብሎ የጠየቀ መዝጋቢ የጥዱን እንጨት አያገኝም። ባለሙያውም ሆን ብሎ አይደብቀውም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ እንጨቱን መንከሩ ለእርሱ እንደ መተንፈስ ሆኗል፤ ካልተጠየቀ ትዝ አይለውም።

ምን መመዝገብ፣ ከየት መጀመር

እንዲህ ያለ ዕውቀት ያለው ድርጅት ሁሉንም ልመዝግብ ቢል ምንም ሳይጨርስ ይደክማል። የሥራዎቹ ዝርዝር ይውጣና ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ ይቅረብ፤ መልሱ ከ1 እስከ 3 ይሰጠው። ያለ ረዳት የሚሠራው ስንት ሰው ነው? አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ 1፣ ከሦስት እስከ አራት ከሆነ 2፣ ሁለትና ከዚያ በታች ከሆነ 3። ቢበላሽ ምን ይከተላል? ሥራ የሚያዘገይ ብቻ 1፣ ማሽን የሚያቆም 2፣ ሰው የሚጎዳ 3። በምን ያህል ጊዜ ይመጣል? በየሳምንቱ 1፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ 2፣ ከዓመት በላይ ቆይቶ 3። ሦስቱ ይባዙ። ብርቅ ሥራ ከፍ ያለ ነጥብ የሚያገኘው ሆን ተብሎ ነው። ኩሽኔታ ማፍሰስ በመጨረሻዎቹ ዓመታት 27 ያገኝ ነበር፤ ዘይት መቀየር 1 ወይም 2። 12 እና ከዚያ በላይ ያገኙት መጀመሪያ ይያዙ፤ ከአሥር በላይ ከሆኑም ለመጀመሪያው ዙር አሥሩ ይበቃሉ።

ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ ባለሙያው፣ ጠያቂውና መቅረጫውን የሚይዝ። ጠያቂው ማን ይሁን የሚለው ትልቁ ውሳኔ ነው። ከቢሮ የመጣ ሰው ቃሉን አያውቅምና ባለሙያው ሥራውን ትቶ ቃል ሲያስረዳ ይውላል። እኩያው የሆነ ባለሙያ ደግሞ ሁሉም ግልጽ ስለሚመስለው አይጠይቅም። የሚሻለው ሁለትና ሦስት ዓመት የሠራ ረዳት ነው፦ ዕቃውን በስም ያውቃል፣ ግን ገና ይሳሳታል፤ የት እንደሚሳሳትም ያውቃል።

አለቃው ክፍሉ ውስጥ አይገኝ። ፎርማን ባለበት የሚነገረው ደንቡ ነው። ሠራተኛው ከደንብ ወጥቶ የሚሠራውን፣ ለምሳሌ መጽሐፉ ከሚለው በላይ ማጥበቁን ወይም አንድ ደረጃ መዝለሉን፣ በአለቃ ፊት አይናገርም። የሚፈለገው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይታወቅ፦ በዚህ ክፍለ ጊዜ የተነገረ ለቅጣት አይውልም። አስተዳደሩ ይህን አንድ ጊዜ ካፈረሰ ሁለተኛ ዕድል አያገኝም።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን፤ ከ1፡30 እስከ 3፡30። ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ የበርጫውም ሰዓት ይመጣል፤ የድካም መልስ አጭር መልስ ነው። ሁለት ሰዓት ለአንድ ሥራ በቂ ነው፤ ካልበቃ በሌላ ቀን ይቀጥላል። ባለሙያው እየሠራ ይቀረጽ፣ ተቀምጦ አይጠየቅ። ተቀምጦ የሚናገር ሰው የሚናገረው መጽሐፉን ነው።

ጥያቄው «ምን እያደረጉ ነው?» ከሆነ መልሱ ከሚታየው አያልፍም። የሚሠሩት ጥያቄዎች እጁ የሚያመነታበትን የሚከተሉ ናቸው፦ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ለምን ቆሙ?»፣ «ምን ሰምተው ነው እንደገና የመቱት?»፣ «እኔ ብሆን የት ላይ አበላሽ ነበር?»፣ «ይኼ መጽሐፉ ላይ አለ?»። የመጨረሻው ጥያቄ ባለሙያውን ፈገግ የሚያሰኝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ዕውቀት የሚወጣውም ከእሱ ቀጥሎ ነው። ጠያቂው ዝም ማለትንም ይልመድ። ባለሙያው ሲቆም ጥያቄ መጨመር የሚያስበውን ይቆርጥበታል።

ቀረጻው በተራ ስልክ ይሆናል። ሁለት ስልክ ቢኖር አንዱ እጁን ከአንድ ሜትር ባልበለጠ ርቀት፣ ሌላው ሙሉውን ቦታ ያሳይ። መስኮት ወይም የተከፈተ በር ከበስተጀርባ ከሆነ የድሬዳዋ ፀሐይ እጁን ጥቁር ጥላ ታደርገዋለች፤ ብርሃን ከቀራጩ ጀርባ ይምጣ። ድምፁ ከሥዕሉ እኩል ይጠበቅ፤ የመዶሻው ጩኸት መረጃ ነውና ሙዚቃ አይጨመር፣ ሌላ ማሽን በዚያ ሰዓት አይነሣ። አንድ ቅንጥብ ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ፤ በተለመደው ከፍተኛ ጥራት ወደ 1.3 ጊጋባይት ይሆናል፣ አርባ ቅንጥብም በአንድ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይገባል። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱ ከግቢው ውጭ። የፋይሉ ስም የማሽኑን፣ የአካሉን፣ የሥራውንና የቀኑን ስም ይያዝ፤ «ቪዲዮ 14» ተብሎ የተቀመጠ ፋይልን ከስድስት ወር በኋላ የሚከፍተው የለም።

ካርዱ

ቪዲዮ ማስረጃ ነው፤ በሥራ መሐል የሚያገለግለው ግን ካርድ ነው። እጁ ግሪስ የሆነ ሰው ስልክ አይከፍትም። በአንድ ኤ4 ወረቀት፣ በሁለት ገጽ፣ በፕላስቲክ ተለብጦ ማሽኑ አጠገብ ይሰቀል። በፊት ገጹ ደረጃዎቹ ይኑሩ፤ ከአሥራ ሁለት አይብለጡ። በየደረጃው ጎን የሚታየው፣ የሚሰማው ወይም የሚሸተው ምልክት ይጻፍ፤ ቀጥሎ ከተሳሳተ ምን እንደሚከተል፤ ማቆም ያለበት ነጥብ በቀይ። የጀርባው ገጽ ለአንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ አሠራራችን ከመጽሐፉ የሚለይበት ቦታና ምክንያቱ። ምክንያቱ ካልተጻፈ ልዩነቱ ከአሥር ዓመት በኋላ ስህተት ይመስላል፤ ደህና አሳቢ መሐንዲስ «ያስተካክለዋል»፣ ማሽኑም ይበላሻል። ምክንያቱ ከተጻፈ ደግሞ በተቃራኒው፣ ምክንያቱ ሲያበቃ ልዩነቱም እንዲያበቃ ያደርጋል። ዕቃው በአንድ ወቅት ስላልተገኘ የተጀመረ መላ ዕቃው ሲገኝ መቅረት አለበት፤ አንዳንዱ የጋራዥ ልማድ አደገኛ የሆነው እንዲሁ ከዘመኑ አልፎ በመቆየቱ ነው።

ቃላቱን ማስተካከል አያስፈልግም። ሠራተኛው ቶርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ፉርጎ ካለ ካርዱም እንዲሁ ይበል። የመዝገበ ቃላት አማርኛ ተፈልጎ ሲገባ ካርዱን የሚያነበው ሠራተኛ ይጠፋል። ከእያንዳንዱ የዕቃ ስም አጠገብ ፎቶ ይለጠፍ፤ የፈረንሳይኛ ሥዕሉ ላይ ያለው ቃል ደግሞ እንደ ድምፁ በፊደላችን ይጻፍ። የድሬዳዋን አሮጌ ሥዕሎች ዛሬ ለማንበብ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፦ ቃሉን በአፍ የሚያውቀው ሠራተኛ አይጽፈውም ነበር፣ ጽሑፉን የሚያነበው ሰው ደግሞ ዕቃውን አይለየውም።

ካርዱ አለቀ የሚባለው ሲጻፍ አይደለም። ሥራውን ሠርቶ የማያውቅ ሦስተኛ ሰው ካርዱን ብቻ ይዞ ይሠራል፤ ባለሙያው ሁለት ሜትር ርቆ፣ አደጋ ካልመጣ በቀር አፉን ሳይከፍት ይመለከታል። ሠሪው የቆመበት ቦታ ሁሉ ካርዱ የጎደለው ቦታ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ብዙ ቦታ መቆም የተለመደ ነው፤ አንዴም ሳይቆም ከጨረሰ ሥራው ወይ በጣም ቀላል ነበር ወይ ባለሙያው በዓይኑ እያመለከተው ነበር። ካርዱ ተስተካክሎ በሌላ ሰው ይደገማል። ለአንድ ሥራ ከቀረጻ እስከ ሁለተኛው ሙከራ ወደ 12 የሥራ ሰዓት ይመደብ፤ አሥር ሥራ በአንድ ሩብ ዓመት ያልቃል።

የሚያከሽፉት

የመጀመሪያው ዘግይቶ መጀመር ነው። በጡረታ ዋዜማ፣ በመጨረሻው ወር፣ ሻይና ዳቦ ባለበት ስብሰባ ላይ «ልምድዎን ያካፍሉን» የሚባለው ከንቱ ነው። ብርቅ ሥራ በዚያ ወር ውስጥ አይመጣም። ቢያንስ ሁለት ዓመት ቀድሞ ቢጀመር ብልሽቱ ራሱ መጥቶ ያስተምራል።

ሁለተኛው ጥቅም ነው፤ ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ብዙ ሠራተኛ የሚተማመንበት ዋስትና እርሱ ብቻ የሚያውቀው ሥራ መኖሩ ነው። ያንን ስጠን ሲባል በምላሹ ምን እንደሚያገኝ ማወቅ መብቱ ነው። የአሠልጣኝነት መደብና አበል፣ ከጡረታ በኋላ በቀን ሒሳብ የሚከፈል የጥሪ ውል፣ ካርዱ ላይ የእርሱ ስም፤ ሦስቱም ከአንድ ሎኮሞቲቭ የአንድ ሳምንት መቆም ይረክሳሉ። በነጻ የተጠየቀ ዕውቀት ግማሹ ይሰጣል፤ ሰጪውን መውቀስ አይቻልም።

ሦስተኛው ካርዱን ያለ ባለቤት መተው ነው። እያንዳንዱ ካርድ በስሙ የሚጠየቅ ሠራተኛ ይኑረው፣ በዓመት አንዴም ይታደስ። ዓለም አቀፉ የጥራት አመራር መስፈርት አይኤስኦ 9001 እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ እትም ጀምሮ ድርጅቶች ለሥራቸው የሚያስፈልገውን ዕውቀት ለይተው እንዲጠብቁ ይጠይቃል፤ ብዙ መሥሪያ ቤት ይህን ለኦዲተር በሚታይ አንድ ፎልደር ይወጣዋል። ፎልደሩ ንጹሕ ከሆነ አልተነካም ማለት ነው። የሚሠራ ካርድ ግሪስ አለበት፣ በእስክሪብቶም ተሠርዞ ተጽፎበታል።

ከአሮጌው ሐዲድ ለአዲሱ የሚተርፍ

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የድሬዳዋው ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሏል። የከዚራው ጋራዥ የናፍጣ ሞተር ዕውቀት እዚያ ብዙ አይጠቅምም፤ ይህን አለማመን ናፍቆት ነው። አዲሱን መሥመር ለስድስት ዓመት ያንቀሳቀሰው የቻይና ኩባንያዎች ጥምረት ሥራውን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ያስረከበው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። በድሬዳዋ ከእጅ ወደ እጅ ለመሻገር ብዙ ዐሥርት ዓመታት የወሰደው ነገር እዚህ በውል ዘመን ተቆርጦ ነው የተሰጠው። ስለዚህ ጥያቄው ያው ነው፦ የማሽኑ መመሪያ ተላልፏል፤ በስድስቱ ዓመት በበረሃው ሙቀትና አቧራ ምክንያት ከመመሪያው የተለዩት አሠራሮች ከነምክንያታቸው ተጽፈዋል? ለእያንዳንዱ የጥገና ክፍል ይህ ጥያቄ በስም መቅረብ አለበት።

ማሽኑ ቢለወጥም መሬቱ አልተለወጠም። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በሽንሌ፣ በአዲጋላ፣ በአይሻ ወደ ደወሌ የሚሄደው አሮጌው ሐዲድና አዲሱ በአንድ ዓይነት ምድር ነው የሚያልፉት። እዚህ ላይ የአሮጌው የሐዲድ ጥበቃ ሠራተኛ ዕውቀት ዋጋ አለው። ስለ ሙቀት የሚያውቀውን እንይ፦ የ12 ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ንጋት ላይ 15 ዲግሪ የነበረ ሐዲድ በቀትር ፀሐይ 60 ቢደርስ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘረጋል። መጋጠሚያውን በጠዋት ብርድ ጠባብ አድርጎ ያሠረ ሰው ቀትር ላይ ሐዲዱን ወደ ጎን ያስጎብጠዋል። የአዲሱ መሥመር ተበይዶ የተያያዘ ረጅም ሐዲድ ክፍተት የለውም፤ ኃይሉ ግን ውስጡ ታምቆ አለ፣ የሚይዘውም በሥሩና በጎኑ ያለው ጠጠር ነው። በቀትር ጠጠር አይነካም የሚለው የአሮጌው ሠራተኛ ልማድ ለአዲሱ መሥመር ይበልጥ ይሠራል።

ጎርፉ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይከፋል። በዚህ አገር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደረቁ ወንዝ ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ የወረደው ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ሲወስድ አይታዋለች። የትኛው ድልድይ ሥር አሸዋ እንደሚከማች፣ የትኛው ቱቦ በቁጥቋጦ እንደሚደፈን፣ ውኃው የትኛውን ቦይ ትቶ አዲስ መንገድ እንደሚቆርጥ፣ ከጎርፍ በኋላ ላዩ ደህና የሚመስል የሐዲድ መደብ ሥሩ ባዶ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ፤ እነዚህ ካርታ ላይ የሉም። መደቡን በብረት ዘንግ ወግቶ በሚገባው ጥልቀትና በድምፁ የሚለይ ሰው ግን ነበረ።

ይህን ለመያዝ ቢሮ አያስፈልግም። አንድ ጡረተኛ የሐዲድ ሠራተኛ፣ አንድ የአዲሱ መሥመር የሐዲድ ተቆጣጣሪ፣ አንድ የአካባቢው አርብቶ አደር፣ የቦታ መለኪያ ያለው ስልክ፣ በቂ ውኃና መኪና ይበቃሉ። በቀን ከ15 እስከ 20 የውኃ ማሳለፊያ ይታያል። በየአንዱ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ውኃው የደረሰበት ከፍታ ምልክት፣ የሚዘጋው በምን እንደሆነ፣ ከጎርፍ በኋላ መጀመሪያ የሚፈተሸው ጎን የትኛው እንደሆነ። ፎቶው ሁልጊዜ ውኃው ከሚመጣበት ወገን ይነሣ። የክረምቱ ዝናብ ከሐምሌ ይጀምራልና ጉዞው በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ይሁን፤ ያኔ ቦዩ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፣ ያለፈው ዓመት የጎርፍ ጥራጊም በቁጥቋጦው ላይ እንደተንጠለጠለ ይገኛል፣ ከፍታውም በሜትር ይለካል።